የዘጠኝ ብሩ ቃል

መምህር ፈለቀ ከደብረ ሲና ተነስቶ ጅማ የገባው በ1986 ዓ.ም. አንድ ሻንጣና አንድ የምደባ ደብዳቤ ይዞ ነው። ሁለት ዓመት ሠርቼ እሄዳለሁ ብሎ ነበር። ሁለቱ ዓመት ሲያልቅ ትርፌ ከምትባል ነርስ ጋር ተዋወቀ፤ በሦስተኛው ዓመት ተጋቡ፤ ከዚያ በኋላ የመሄዱን ነገር ያነሳውም የለም። በቾ ቦሬ ሰፈር ውስጥ ሦስት ክፍል ቤት ተከራይተው ናርዲንና ናዝራዊትን ወለዱ። ባልና ሚስቱ ከደመወዛቸው ትንሽ ትንሽ እየቆነጠሩ ጅሬን ዳገት ላይ የራሳቸውን ጎጆ ለመቀለስ ያጠራቅሙ ነበር።

በተመደበበት ኮሌጅ ውስጥ የሚያስተምረው ኢኮኖሚክስ ነው። ከትምህርቱ ሁሉ አንድ ምዕራፍ ነበር፣ ሲደርስበት ድምፁ የሚለወጥ። የጨዋታ ንድፈ ሐሳብ ይባላል። ስሙ ጨዋታ ይሁን እንጂ የሚያወራው ስለ ጨዋታ አይደለም፤ ሰው ትርፍና ኪሳራው በራሱ ውሳኔ ብቻ ሳይሆን ሌላው በሚያደርገው ጭምር ሲወሰን ምን ያደርጋል የሚል ነው። ፈለቀ ሰሌዳው ላይ አራት ሳጥን ይስልና፣

«መርካቶ ውስጥ ጎን ለጎን ጨርቅ የሚሸጡ ሁለት ነጋዴዎች አሉ እንበል» ይላል። «ሁለቱም ዋጋቸው ላይ ከጸኑ ሁለቱም ያተርፋሉ። አንዱ ቀንሶ ሌላው ከጸና፣ የቀነሰው ገበያውን ጠቅልሎ ይወስዳል፣ የጸናው ባዶ እጁን ይገባል። አሁን እያንዳንዱ ብቻውን ሆኖ ሲያስበው፣ ጎረቤቴ ቢጸናም ብቀንስ ይሻለኛል፣ ቢቀንስም ብቀንስ ይሻለኛል ይላል። ስለዚህ ሁለቱም ይቀንሳሉ፣ ሁለቱም ይጎዳሉ። ልብ በሉ፣ ሞኞች ስለሆኑ አይደለም የተጎዱት። እያሰቡ ነው የተጎዱት።»

ተማሪዎቹ «አራት ሳጥን» የሚል ስም አወጡለት። ስሙን ያውቀዋል፤ አይከፋውም ነበር።

በእረፍት ቀን ከሚማሩት መካከል ሙሀጅር የሚባል የሠላሳ ዓመት ሰው ነበር። አባቱ ሲሞቱ ከአጋሮ አለፍ ብላ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ የእሸት ቡና ማጠቢያ ወርሷል። በ2003 ዓ.ም. ሐምሌ ውስጥ፣ ከተመረቀ በኋላ፣ ፈለቀን ፈልጎ ቤቱ መጣ።

«መምህር፣ ያ ያስተማሩን ነገር የጨርቅ ነጋዴ ነገር አይደለም። ወላሂ የእኛ ነገር ነው» አለው።

ነገሩን አስረዳው። በዚያች ከተማ አካባቢ ማጠቢያ ያላቸው ሦስት ሰዎች ናቸው፤ እሱ፣ ወይዘሮ ሸዋረገጥ የሚባሉ አሮጊትና ቀድሞ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር የነበረው ኦቦ ደሬሳ። እሸት ቡና በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ ይበላሻል። ገበሬው አሳድሮ ሊጠብቅ አይችልም፤ ባለማጠቢያውም በለቀማው ወራት አንድ ቀን እሸት ካጣ ማሽኑም ሠራተኛውም ቆመው ይውላሉ። ስለዚህ በየዓመቱ መስከረም ላይ ሦስቱ ተሰብስበው በአንድ ዋጋ ይማማላሉ፤ በየዓመቱ ሳምንት ሳይሞላ አንዱ በሳንቲም ይጨምራል፤ ሌላው ይከተላል። ወቅቱ ሲያልቅ ሦስቱም ወጪያቸውን መልሰው ካገኙ እግዜር ይመስገን ነው።

«መጥተው ይንገሩልን። ከእርስዎ ከሰሙት ይገባቸዋል።»

ፈለቀ ደስ አለው። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ በጠመኔ ሲስለው የኖረውን ነገር በአካል ሊያየው ነው።

ነሐሴ ውስጥ ሦስቱ ነጋዴዎች በወይዘሮ ሸዋረገጥ ማጠቢያ ግቢ፣ የቡና ማድረቂያ አልጋዎቹ አጠገብ ባለው ዳስ ተሰበሰቡ። ሸዋረገጥ ስልሳውን ያለፉ፣ ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ ሥራውን ብቻቸውን ያቆሙ ሴት ናቸው። ደሬሳ ረጅምና ጭምት ሰው ነው፤ ሲናገር ሰውን ፊት ለፊት ነው የሚያየው።

«በየዓመቱ እንማማላለን፣ በየዓመቱ እናፈርሳለን» አለ ደሬሳ። «መምህር፣ አንተ ምን አዲስ ነገር ይዘህ መጣህ?»

«የምታፈርሱት ክፉዎች ስለሆናችሁ አይደለም» አለ ፈለቀ። «ማፍረስ ስለሚያዋጣ ነው። ማፍረስ እንዳያዋጣ ካደረግነው አታፈርሱም።»

የነገራቸው መላ ቀላል ነበር። ዘንድሮ ዋጋው በኪሎ ዘጠኝ ብር ይሁን። እያንዳንዳቸው ሁለት መቶ ሺህ ብር በጋራ ሒሳብ ያስቀምጡ፤ ከዘጠኝ ብር በላይ የከፈለ ሰው መያዣው ለሁለቱ ይከፈል። ገንዘቡ የሚወጣው ደግሞ ሦስቱና አንድ ዳኛ አብረው ሲፈርሙ ብቻ ይሁን።

ሸዋረገጥ ጥቂት አሰቡና፣ «ዳኛውስ ከየት ይምጣ?» አሉ። «የዚህ ከተማ ሰው ሁሉ ወይ የአንዳችን ዘመድ ነው፣ ወይ የአንዳችን ባለዕዳ።»

ሦስቱም ወደ ፈለቀ ዞሩ።

ዳሱ ጥግ ሸኩር የሚባል ገበሬ ለራሱ ጉዳይ መጥቶ ተራውን ይጠብቅ ነበር። ከከተማዋ አጠገብ ካለው ወንዝ ማዶ በሚገኘው መንደር እሱ ያለውን የማይሰማ የለም። ውሉ ተፈርሞ ሲያበቃ ፈለቀን፣ «እናንተ ዘጠኝ ስትባባሉ እኛን የጠየቀን አለ?» አለው።

«ዋጋው ካልተናጋ ለእናንተም ይበጃል» አለው ፈለቀ። «ነጋዴው ካልከሰረ ገዢ አታጡም።»

«ኤዬ» አለ ሸኩር። እሺ ማለቱ ይሁን አልሰማሁህም ማለቱ ፈለቀ ሊለየው አልቻለም።

ውሉ ከተፈረመ በኋላ የሆነውን ፈለቀ ያኔ ልብ አላለውም። ነጋዴዎቹ የእሸቱን ዋጋ አስቀድመው ስላወቁ፣ ትርፉም በእጃቸው ያለ ያህል ስለታያቸው፣ ከባንክ ከዚያ በፊት ተበድረውት የማያውቁትን ያህል ተበደሩ። ደሬሳ የጭነት መኪና ገዛ። ሸዋረገጥ ጅማ ሄርማታ መርካቶ ያለውን ቤታቸውን አስያዙ። ሙሀጅርም አዲስ መፈልፈያ ማሽን አስተከለና ገንዘብ ሲያጥረው ወደ ፈለቀ መጣ።

«ሸሪክ ይሁኑኝ፣ መምህር። እንደሚያተርፍ ከእርስዎ የበለጠ ማን ያውቃል?»

ፈለቀ ለትርፌ ነገራት። ለጎጆው ያጠራቀሙት መቶ አርባ ሺህ ብር ደርሶ ነበር።

«ዳኛም ሸሪክም ልትሆን ነው?» አለችው።

«በቃላቸው እስከጸኑ ድረስ ምን ለውጥ አለው?»

«እንግዲያስ ለሁለቱም ንገራቸዋ።»

«እነግራቸዋለሁ» አላት፤ ገንዘቡንም አውጥቶ ለሙሀጅር ሰጠው። ሊነግራቸውም አስቦ ነበር። መጀመሪያ ሲሄድ ደሬሳ አልነበረም፤ ሁለተኛ ሲሄድ ሸዋረገጥ ልጃቸው ከአዲስ አበባ መጥታ ቤቱ በእንግዳ ተሞልቶ ነበር፤ በሦስተኛው ነገሩ ስለዘገየ መንገሩ ራሱ አሳፈረው።

ለቀማው ተጀመረ። ፈለቀ ቅዳሜና እሁድ በሚኒባስ እየሄደ ሦስቱን ሚዛኖች ይጎበኛል። ዘጠኝ ብር፣ ዘጠኝ ብር፣ ዘጠኝ ብር። ሸዋረገጥ በደረሰ ቁጥር ምሳ ያቀርቡለታል። «በሃያ ዓመት ውስጥ በጥቅምት ወር እንቅልፍ የተኛሁት ዘንድሮ ነው» አሉት አንድ ቀን። እሱም ስለ ሦስቱ ማጠቢያዎች ጽሑፍ አዘጋጅቶ ኮሌጁ ውስጥ ለማቅረብ ማስታወሻ መያዝ ጀመረ። እነዚያ አራት ሳምንታት በሕይወቱ ደስ ካሉት ጊዜያት የሚቆጠሩ ነበሩ።

ጥቅምት ሊያልቅ ሲል ሦስት ቀን ሙሉ ኃይለኛ ዝናብ ጣለ። እሁድ ከሰዓት ፈለቀ ሙሀጅር ዘንድ ሲደርስ ሚዛኑ አጠገብ አምስት ስድስት ገበሬ ብቻ ቆሟል። ሙሀጅር ፊቱ ጠቁሯል።

«ከአርብ ጀምሮ እንዲህ ነው። የወንዝ ማዶዎቹ በሙሉ ወደ ደሬሳ ሄደዋል።»

አብረው ወጥተው ከመንገዱ ጫፍ ቁልቁል ተመለከቱ። በደሬሳ በር ላይ በቅሎውም አህያውም ሰውም ተሰልፏል፤ ሰልፉ እስከ መስጊዱ ይደርሳል።

«ይከፍላቸዋል» አለ ሙሀጅር። «በሚዛኑ ዘጠኝ ይላል፣ በጓሮ ይጨምርላቸዋል። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?»

ደሬሳ ዘንድ ሄዶ ገበሬዎቹን መጠየቅ የሃያ ደቂቃ መንገድ ነበር። ፈለቀ ሰዓቱን አየ። ወደ ጅማ የሚመለሰው የመጨረሻ ሚኒባስ ሊነሳ ነው፤ ሰኞ በጠዋት ክፍል አለው። ደግሞም ደሬሳን ቢጠይቀው አዎ አይለው። እዚያው መንገድ ጫፍ ላይ ቆሞ አሰበው። ደሬሳ እየጨመረ ከሆነና እኛ ከጸናን የእኛ ማሽን ይቆማል፣ መቶ አርባ ሺሁም አብሮ ይቀልጣል። ደሬሳ በቃሉ ጸንቶ ከሆነ ደግሞ፣ እኛ በትንሹ ብንጨምር የማዶዎቹ ይመለሱልናል። በየትኛውም ቢሆን መጨመሩ ይሻላል።

የሚያስበው ምን እንደሆነ አውቆታል። ለዓመታት ሌሎች እንዲህ ያደርጋሉ እያለ ያስተማረውን ነገር ነው። ማወቁ ግን ምንም አልረዳውም።

«አንድ ብር ጨምር» አለው ሙሀጅርን። «በሚዛን አይደለም፣ በእጃቸው። ለሰውም እንዳይናገሩ።»

ሚስጥር በሆነ ዋጋ ግን ማንም እሸቱን አይሸጥም፤ ገበሬ ለጎረቤቱ ይነግራል። ማክሰኞ ደሬሳ ሰማ። ለማንም ሳይደውል ሰሌዳው ላይ አሥራ አንድ ብር ብሎ ጻፈ። ሙሀጅር አሥራ ሁለት አለ።

ሐሙስ ረፋዱ ላይ ሸዋረገጥ ለፈለቀ ደወሉ።

«መምህር፣ ሁለቱም አፍርሰዋል ይሉኛል። እኔ ዘጠኝ ላይ ነኝ። ስድሳ ሠራተኛ እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል፤ አልጋዎቹ ባዷቸውን ናቸው። ምን ላድርግ?»

እሳቸውም ከጨመሩ ዋጋው የት እንደሚደርስ ፈለቀ ያውቃል። ሳይጨምሩ በቆዩ መጠን ደግሞ የእሳቸው ገበሬ ወደ ሙሀጅር ይመጣል። ይህን ሁለተኛውን ሐሳብ አስቦ እንደሆነ በኋላ ራሱን ብዙ ጊዜ ጠይቋል። አስቦት ነበር።

«ይጠብቁ፣ እትዬ። አነጋግራቸዋለሁ። ይመለሳሉ።»

«አንተ ካልክ እጠብቃለሁ» አሉ።

ለቀማው በጦፈበት ሰዓት አምስት ቀን ጠበቁ። በስድስተኛው ቀን አሥራ ሦስት ብር ብለው ከፈቱ። ደሬሳ አሥራ አራት ተኩል አለ።

ኅዳር ውስጥ ፈለቀ ሙሀጅር ሚዛን አጠገብ ሸኩርን አገኘው። ሸኩር አዲስ ካፖርት ለብሶ፣ ከመንደሩ ሰዎች ጋር እየሳቀ ተራውን ይጠብቃል። ከሰላምታ በኋላ ፈለቀ ነገሩን እንደ ዋዛ አነሳው።

«ያኔ፣ ዝናቡ የጣለ ጊዜ፣ ደሬሳ ስንት ይከፍላችሁ ነበር?»

«ዘጠኝ ነዋ።»

«በጓሮስ?»

«በጓሮ ምን አለ? ዘጠኝ ነበር።»

«ታዲያ ሁላችሁም ወደ እሱ የሄዳችሁት ለምንድን ነው?»

ሸኩር ጥያቄው ገረመው። «ድልድዩን ጎርፍ ወሰደው እኮ። ወዲህ መሻገሪያ አልነበረም። ወንዙ ሰፋ ብሎ በእግር የሚሻገሩት በደሬሳ በኩል ነው። ዝናቡ ሲያባራ ግንድ አጋደምንበት፤ ያኔ ደግሞ እዚህ አንድ ብር ተጨምሮ አገኘን።»

ፈለቀ የእንጨቱን ድልድይ አየው። ከሙሀጅር ግቢ በታች ነው፤ አዲስ ግንዶች ተጋድመውበታል፤ ቅርፊታቸው ገና እርጥብ ነው። ያን እሁድ ወደ ላይ ወደ መንገዱ ከመውጣት ይልቅ ሁለት መቶ እርምጃ ወደ ታች ቢወርድ ኖሮ ያየው ነበር፤ ሙሀጅርም በዚያ ዝናብ ከሚዛኑ ተነስቶ አልወረደም ነበር።

ሦስቱን ሰብስቦ እውነቱን ሊነግራቸው አሰበ። እውነቱን ለመናገር ግን መጀመሪያ የጨመረው ማን እንደሆነ፣ ማን እንዳዘዘና ለምን እንዳዘዘ መናገር ሊኖርበት ነው። አልተናገረም። የእሸቱ ዋጋ አሥራ ስድስት ብር ደረሰ። የሁሉም ጥሬ ገንዘብ ሲያልቅ፣ ያፈረሰው ራሱ ካልፈረመ ስለማይወጣ ሳይነካ የቆየው የጋራ መያዣ ትዝ አላቸውና ሦስቱም ፈለቀን አስጠሩት፤ ገንዘቡ ወጥቶ እሸት እንዲገዙበት። አራቱም ያለ ምንም ክርክር ፈረሙ። ከነሐሴ ወዲህ ሁሉም አንድ ላይ የተስማሙበት ነገር እሱ ብቻ ነበር።

ከጥር ጀምሮ የዓለም የቡና ዋጋ ይወርድ ጀመር። የታጠበውን ቡና ወዲያው ቢሸጡ ኪሳራው ከባድ ቢሆንም ልክ ነበረው። ሆኖም ሦስቱም፣ ሌላው ከያዘ ልያዝ፣ ዋጋው ይመለሳል እያሉ ቆዩ። ሙሀጅር ፈለቀን፣ «እንሽጥ ወይስ እንያዝ?» ብሎ ሲጠይቀው ፈለቀ «አላውቅም» አለው። ለተማሪው አላውቅም ሲል ያ የመጀመሪያው ነበር። ሰኔ ላይ ሲሸጡ ያገኙት የእሸቱን ዋጋ ብቻ እንኳ አልመለሰም።

ባንኩ ሦስቱንም ማጠቢያዎች ለሐራጅ አወጣ። የሸዋረገጥ የሄርማታ መርካቶ ቤትም አብሮ ሄደ። ደሬሳ መኪናውን ሸጦ ነቀምት ወንድሙ ዘንድ ገባ። ሙሀጅር ከመሄዱ በፊት ለመሰናበት መጣ፤ ቦንጋ ውስጥ በሰው ማጠቢያ ሚዛን ላይ ሊቀጠር ነው።

«አፉ ይበሉኝ፣ መምህር። የልጆችዎን ቤት በላሁ።»

«አንተ አይደለህም» አለው ፈለቀ።

ትርፌ አልተጣላችውም። ከሆስፒታሉ ሥራ ሌላ ቅዳሜና እሁድ በግል ክሊኒክ መሥራት ጀመረች። ስለ ጎጆው በቤቱ ውስጥ የሚያወራ ጠፋ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ የናዝራዊትን የትምህርት ቤት ልብስ ስትሰፋ፣ ቀና ሳትል «ነግረሃቸው ነበር?» አለችው። «አልነገርኳቸውም» አላት። መስፋቷን ቀጠለች።

ሦስቱንም ማጠቢያዎች በሐራጁ የገዛቸው ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ነጋዴ ነው። በ2005 ዓ.ም. መስከረም የሙሀጅርን ብቻ ከፈተና የእሸቱን ዋጋ ስድስት ብር አለ። ማንም አልተከራከረውም፤ የሚሄዱበት ሌላ ሚዛን አልነበረም።

በዚያው ዓመት ፈለቀ ሸዋረገጥን ፈልጎ አገኛቸው። ከቀድሞ ቤታቸው ብዙ ሳይርቁ አንዲት ክፍል ተከራይተዋል። ሻይ አፈሉለትና ፊት ለፊቱ ተቀመጡ። የመጣው ሊናዘዝ ነበር፤ ገና ሲጀምር ግን አቋረጡት።

«አውቃለሁ። የሙሀጅር ሸሪክ እንደነበርክ ሙሀጅር ነግሮኛል። ድልድዩንም ሰምቻለሁ።»

«ይጠብቁ ያልኩዎትስ፣ እትዬ?»

«እሱንም አስቤ ደርሼበታለሁ።» ብርጭቋቸውን ዞር ዞር አደረጉት። «አንተ ባትመጣም እናፈርሰው ነበር። ሃያ ዓመት ስናፈርሰው ኖረናል። ግን ያኔ አንተማመንም ነበራ። ስለማንተማመን በአቅማችን ነበር የምንገዛው። ሲጠፋም የሚጠፋው የዓመቱ ልፋት ነው፤ ቤቴን አስይዤ አላውቅም። አንተ መጥተህ አስተማመንከን።»

ሸዋረገጥ ከዚያ የልጆቹን ደህንነት ጠየቁት፣ ሻዩን እንዲጨርስ አዘዙት፣ በር ድረስ ሸኙት። ሁለተኛ ሊሄድ እያሰበ ሳይሄድ ቀረ፤ በ2006 ዓ.ም. ጾም መያዣ ላይ አዲስ አበባ ልጃቸው ዘንድ መሞታቸውን ሰማ።

በዚያ ዓመት ግንቦት ውስጥ ኮሌጁ ተማሪዎችን ለመስክ ጉብኝት ወደ አጋሮና ከዚያ ወዲያ ላከና ፈለቀ አብሮ ሄደ። አውቶቡሱ በዚያች ትንሽ ከተማ ሲያልፍ ከወንዙ ማዶ፣ በሸኩር መንደር በኩል፣ ቡና የነበረበት ተዳፋት ላይ ለጋ ጫት ተተክሎ አየ። በደሬሳ ግቢ የማድረቂያ አልጋዎቹ ሽቦ ተበጣጥሷል፤ እንጨታቸው ግማሹ ተነቅሎ ተወስዷል። አቢጊያ የምትባል ተማሪ በመስኮቱ ስታይ ቆይታ፣

«መምህር፣ ይሄ ምን ነበር?» አለችው።

«የቡና ማጠቢያ።»

«ለምን ተዘጋ?»

«ባለቤቱ ከሦስቱ አንዱን ብቻ ነው የሚያሠራው» አለ ፈለቀ፤ ተማሪዋም ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው።